መርከብ በቀራንዮ

«መርከብ?» አሉ አማካሪዬ፣ የማስተርስ ጥናቴን ርዕስ በጣታቸው እየጠቆሙ። «ባሕር በሌለው አገር?»

ርዕሴ፣ መርከብ ላይ የተገጠመ ሶላር የሚሰጠውን ወጣ ገባ የሚል ኃይል በኢንቨርተር ስለ ማረጋጋት ነበር። የርዕስ ማጽደቂያ ቅጼ ላይ «ከአገራችን ሁኔታ ጋር አይሄድም» ብለው ጻፉበት። እስከ ዓርብ ካልቀየርኩት አይፈርሙም፤ ካልፈረሙ ደግሞ የዓመት ልፋቴን ውኃ በላው ማለት ነው። አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። ባሕር ስለሌለን ስለ ባሕር ማሰብም ተከለከልን እንዴ?

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከአየር ጤና ቤቴል ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው ቀራንዮ ቤታችን የተቀመጠ ሰው ነው። «መርከብ ላይ ሲሆን ምኑ ነው የሚከብደው?» አለኝ። ደመና ሲያልፍ ኃይሉ እንደሚወርድ፣ ማዕበል ሲያወዛውዘው ደግሞ ሶላሩ ከፀሐይ ፊቱን እያዞረ እንደሚመለስ ነገርኩት። ተነሥቶ ከጓሮ አሮጌ ጎማ እያንከባለለ አመጣ። ጎማው ላይ ሳንቃ፣ ሳንቃው ላይ ሶላሬን አሰርን፤ ሶላሩን ከባትሪ፣ ከኢንቨርተር፣ ከአምፖልና ከቬንትሌተር ጋር አገናኘሁት። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ማወዛወዝ ጀመረ።

ጎረቤታችን በአጥሩ አሻግራ አየችንና «የኖኅ ቤተሰቦች፣ ለእኛም ቦታ ያዙልን!» ብላ ሳቀች። ትሳቅ!

ችግሩ ሌላ ነበር። ሶላሩ ሲዘነብል ባትሪው የጎደለውን ይሞላል፤ እሱ ሠርቶልኛል። ፀሐይዋ ስትመለስ ግን ኢንቨርተሩ ያገኘውን ሁሉ ባንዴ ይለቀዋል፤ አምፖሉ ቦግ፣ ቬንትሌተሩ እመር ይላል። ሦስት ቀን ኮምፒውተሬ ላይ አፍጥጬ መፍትሔው ጠፋኝ።

«ፍሪሲዮኑን ባንዴ ለቀቅሽዋ!» አለ አባቴ፣ ቬንትሌተሩ ሲዘል ሰምቶ። «ቀስ እያልሽ ልቀቂው እንጂ። ሰው ጭነሻል እኮ!»

ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ አፈርኩ። ያን ሁሉ ቀመር ደርድሬ ያጣሁትን እሱ በግራ እግሩ ያውቀው ነበር። ኢንቨርተሩ ትርፉን ለባትሪው እያካፈለ ኃይሉን በዝግታ እንዲለቅ አዘዝኩት። አባቴ ሳንቃውን ወዲያ ወዲህ ናጠው። አምፖሉ ንቅንቅ አላለም።

ዓርብ ጎማውንም፣ ሳንቃውንም፣ በርጩማውንም፣ አባቴንም ይዤ ዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ሄድኩ። አማካሪዬ ቅጼን እንደያዙ ወደ ሜዳው ወረዱ።

«መርከቡ የታለ?»

«መርከቧ ይቺውና» አለ አባቴ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ። «ባሕሩ እኔ ነኝ።»

አወዛወዘው። አማካሪዬ አላመኑም፤ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ናጡት። አምፖሉ ያው ነው። በመጨረሻ በእጃቸው የያዙትን ቅጽ፣ ያንን «አይሄድም» ብለው የጻፉበትን፣ ሶላሩ ላይ ዘርግተው ፀሐይዋን ጋረዱ። ቬንትሌተሩ ሳይደናቀፍ መዞሩን ቀጠለ።

«ደመናውን ያንሡልኝና ይፈርሙበት» አልኳቸው።

ከርዕሴ አንድም ፊደል ሳይቀየር ፈረሙ።