ብርድ ልብስ የለበሰው ዝኩኒ

በነሐሴ ወር በእኛ አውራጃ መኪና የሚቆልፍ ሰው ካያችሁ ሌባ ፈርቶ አይደለም፤ ዝኩኒ ፈርቶ ነው። የዊስኮንሲን ገበሬ ዝኩኒ ሲተርፈው ለጎረቤት ይሰጣል። ጎረቤት በቃኝ ካለ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እስኪገባ ጠብቆ መኪናው ውስጥ አጋድሞለት ይሄዳል። ምስኪኑ ጸሎቱን ጨርሶ ሲወጣ የኋላ ወንበሩ ላይ አረንጓዴ ቤተሰብ ተደርድሮ ይጠብቀዋል።

አጎቴ ላቨርን ዩከር ግን ክረምት ከበጋ ይቆልፋል። ዕድሜውን የወተት ቦቴ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በሥራው ዘመን ወተቱ ላይ ውሃ የሚጨምሩት ገበሬዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ላሞቹም ናቸው ብሎ ያምን ነበር። የአየር ትንበያ አንባቢው "ነገ ብራ ነው" ካለ ጃንጥላ ያዘጋጃል። ሚስቱ አክስቴ አርዲስ "እወድሃለሁ" ካለችው "ምን ሰበርሽ?" ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ተጠራቅሞ የሚያርፈው ግን አንድ ሰው ላይ ነው፤ የአርዲስ ወንድም ዱዌን ላይ። ዱዌን በየዓመቱ በአውራጃው የእርሻ ትርኢት በትልቅ ዝኩኒ ውድድር አንደኛ ይወጣና ሰማያዊውን ሪባን ይወስዳል። አጎቴ በየዓመቱ ሁለተኛ ይወጣና ቀዩን ይዞ ይመለሳል። የአጎቴ ጓዳ ግድግዳ በቀይ ሪባን ብዛት ኩፍኝ የያዘው ይመስላል።

ዘንድሮ ከጓሮው የወጣው ዝኩኒ ግን ሌላ ፍጥረት ነበር። አንድ ሰው ሳያቃስት አያነሳውም። ሳይቆረጥ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ለአውራጃው ምክር ቤት ይወዳደር ነበር። አጎቴ ስለ እሱ ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ እኔም ያየሁት በትርኢቱ ቀን ጠዋት መኪና ላይ ስንጭነው ነው።

"ምዝገባው በቀትር ይዘጋል" አለ አጎቴ። "በቀጥታ ወደ ትርኢቱ።"

"ምን በቀጥታ?" አለች አርዲስ። "አክስት ሂልደጋርድን ሳንጠይቅ? ዱዌን ቤትስ ሳንገባ? ትናንት ደውሎ ብቅ በሉ ብሏል።"

የአጎቴ ቅንድብ ተነሳ። "ዱዌን? ዛሬ? ለምን ዛሬ?"

"ወንድሜ ስለሆነ!"

"ወንድምሽ ትናንትም ወንድምሽ ነበር። ሊያስረፍደኝ ነው፤ ይሄ የታሰበበት ነገር ነው።"

በቤተሰብ ጉብኝት አርዲስን ማሸነፍ አይቻልም። አጎቴም ዘዴ ዘየደ። የልጅ ልጆቹ የሚታሰሩበትን የሕፃን መኪና ወንበር አወጣ፣ ዝኩኒውን በብርድ ልብስ ጠቀለለ፣ ጫፉ ላይ የሕፃን ኮፍያ ደፋለትና ቀበቶ አሰረለት። "አሁን ማንም ዞር ብሎ አያየውም" አለ። እኔ ከዝኩኒው ጎን ተጣብቤ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ከአንዳንድ ዘመዶቼ ይልቅ ጨዋ ተሳፋሪ ነበር።

አክስት ሂልደጋርድ ዘጠና ዓመታቸውን ያለፉ፣ ጆሯቸው የደከመ፣ ስልካቸው ግን ያልደከመ ሴት ናቸው። ኬክ አቀረቡ። እኛ ዘንድ የቀረበን ነገር ሁለቴ እምቢ ሳይሉ መብላት ነውር ነው፤ አጎቴ ግን ስለቸኮለ በመጀመሪያው "ብሉ" ጎረሰ። አሮጊቷ ደነገጡ።

"አርዲስ፣ ይሄ ሰውዬ አመመው እንዴ?"

"አላመመውም፤ ቸኩሎ ነው።"

መሰናበትም እንደ ወጉ ሦስት ደረጃ አለው፤ በር ላይ፣ ደጅ ላይ፣ መኪናው መስኮት ላይ። መስኮቱ ላይ ሲደርሱ አክስት ሂልደጋርድ ወደ ኋላ አጮልቀው አዩ።

"ውይ! የማን ልጅ ነው?"

አጎቴ ላብ አጠመቀው። "የ... የጎረቤት ነው።"

"ምን ያህል ግዙፍ ነው! ወንድ ነው?"

"አዎ፣ ተኝቷል፤ አይቀስቅሱት" ብሎ መኪናዋን አስነሳ። ዞር ብዬ ሳይ አክስት ሂልደጋርድ ወደ ስልካቸው ሲሮጡ አየሁ። ዘጠና ዓመት ያለፈው ሰው ሲሮጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ዱዌን ቤት ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አጎቴ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋ፣ በሮቹን ቆለፈ፣ እጀታውን እየሳበ አረጋገጠ። ከዚያ ገባንና የዱዌን ሚስት ዴሎሪስ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች አቀረበችልን። ዱዌን ግን አንዴ አጎቴን፣ አንዴ በመስኮት መኪናውን ያያል።

"ላቨርን፣ ብቻችሁን ነው የመጣችሁት?"

"ታዲያ ከማን ጋር እንመጣለን?" አለ አጎቴ።

ዱዌን ፊቱ ተለዋወጠ። "በረዶ ላምጣ" ብሎ ተነስቶ ወጣ።

"አያችሁ?" አለ አጎቴ በሹክሹክታ። "የውሃው ጆግ በበረዶ ተሞልቶ ፊት ለፊታችን ተቀምጧል። ምን በረዶ ነው የሚያመጣው?"

አርዲስ ሳትመልስለት ውጭ የመስታወት መሰበር ድምፅ ተሰማ። ተያይዘን ስንወጣ ዱዌን መዶሻውን ጥሎ፣ የተጠቀለለውን ነገር አቅፎ፣ እየተንገዳገደ ወደ ጓሮው የውሃ ጎማ ይሮጣል።

"አረመኔ!" ይጮኻል። "አክስት ሂልደጋርድ ደውለው ሕፃን ይዘዋል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር! በዚህ ሙቀት ሕፃን ቆልፈህ ሳንድዊች ትበላለህ?"

ውሃውን ለቀቀበት። ኮፍያው ወደቀ። ዱዌን ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገ።

"ዴሎሪስ" አለ፣ "ልጁ አረንጓዴ ሆኗል።"

ዴሎሪስ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። አርዲስም ከሳቋ ብዛት እንባዋን አፈሰሰች። አጎቴ ግን ዝኩኒውን እያገላበጠ ጭረት ይፈልጋል።

"ሆን ብለህ ነው" አለ። "ልትሰብርብኝ ነው።"

"ሕፃን ላድን ነው፣ አንተ ደረቅ!"

"አንተ? በየት በኩል?"

ጭረት አልነበረበትም። ዱዌን በሠራው ስላፈረ የአጎቴን ዝኩኒ ከራሱ ዝኩኒ ጎን ፒክ አፑ ላይ ጭኖ እንደ አምቡላንስ እያበረረ ሁላችንንም ትርኢቱ ጋ አደረሰን። ከአሳማዎቹ በረት አልፈን፣ የተጠበሰ አይብ የሚሸጡትን ገፍተን፣ የአትክልቱ አዳራሽ ሊዘጋ ሲል ገባን።

ዳኛዋ ወይዘሮ ቮግት መጀመሪያ የዱዌንን መዘነች፤ ቀጥላ የአጎቴን። ከዚያ ሰማያዊውን ሪባን አንስታ "ላቨርን ዩከር" አለች።

አዳራሹ አጨበጨበ። አርዲስ አቀፈችው። ዱዌንም መጥቶ እጁን ጨበጠው፤ "ይገባሃል" ብሎ ከልቡ ፈገግ አለ።

ያቺ ፈገግታ ናት ነገሩን ያበላሸችው።

"ለምን ሳቀ?" አለኝ አጎቴ። "ተሸንፎ የሚስቅ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

"አጎቴ፣ ደስ ብሎት ነው። ሪባኑን ውሰድና እንሂድ።"

"የለም። አንድ ነገር አለ።" ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። "ወይዘሮ ቮግት፣ እንደገና ይመዘንልኝ።"

"አሸንፈሃል እኮ" አለችው።

"እሱን ነው የጠረጠርኩት።"

"ላቨርን!" አለች አርዲስ። "በፈጣሪ ስም!"

ወይዘሮ ቮግት ተንፍሳ የዱዌንን ዝኩኒ መልሳ ሚዛኑ ላይ አጋደመችው። ያኔ አየነው። የዝኩኒው ጫፍ ከሚዛኑ አልፎ አጠገቡ ባለው የአበባ ማሰሮ ላይ ተደግፏል፤ ክብደቱን ማሰሮው ተካፍሎታል። ማሰሮውን አነሳችና ደግማ መዘነች። ቀጥላም የአጎቴን ደገመች። ፊቷ ቀላ። ሰማያዊውን ሪባን ከአጎቴ እጅ ቀስ ብላ ወስዳ ለዱዌን ሰጠች፤ ለአጎቴ ቀዩን።

አርዲስ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ያለቅሳል ብዬ ትከሻውን ልይዘው ስጠጋ አጎቴ ላቨርን ቀዩን ሪባን ወደ ላይ አንስቶ ጮኸ፦

"ብያችሁ ነበር! አንድ ነገር አለ ብያችሁ ነበር!"

ሰው ተሰበሰበ። አጎቴ ማሰሮው የት እንደነበረ፣ እሱ ብቻ እንዴት እንደጠረጠረ በእጁ እያሳየ ያስረዳል። የአሳማ ባለቤቶች ሳይቀሩ ውድድራቸውን ጥለው መጡ። አንዱ ቢራ ጋበዘው፤ ሌላው ለከርሞው ዳኛ እንዲሆን ጠየቀው።

"ሰውዬ፣ ተሸንፈሃል እኮ!" አለችው አርዲስ።

"መሸነፌን ማን ደረሰበት? እኔ!"

ዱዌን ሰማያዊ ሪባኑን ይዞ ጥግ ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። ጠጋ አለኝና ዓይኑን ከአጎቴ ላይ ሳይነቅል በጆሮዬ ጠየቀኝ፦

"ስማ፣ ይሄ አጎትህ ምን አስቦ ነው እንዲህ የሚደሰተው?"