ዱባይ ሄዷል አሏት

ድምፄ መሻከር ሲጀምር ሁሉም ብርድ ነው አሉኝ። ወሰን አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ስለምሠራ እኔም የመኪና ጭስ ነው ብዬ ተውኩት። ዓመት ሙሉ ኪኒን ስውጥ ከረምኩ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ነው ከጉሮሮዬ ናሙና የተወሰደልኝ።

«የማንቁርት ካንሰር ነው» አለኝ ሐኪሙ። «ግን የተለመደው ዓይነት አይደለም፤ ከልም አጥንቱ የሚነሳ ነው። እኔም ገና አንተ ላይ ማየቴ ነው። ጨረር እምብዛም አይሠራበትም። ብዙ ስላደገ ማንቁርቱ መውጣት አለበት።»

«ከዚያ በኋላ እናገራለሁ?»

አቀርቅሮ ወረቀቱን አገላበጠ።

መጀመሪያ የመጣችብኝ እናቴ ናት። እንጦጦ ግርጌ፣ እርሻችን በነበረበት ሰፈር ከእህቴ ጋር ትኖራለች። ዓይኗን ግላኮማ ካጠፋው ቆይቷል። እኔን የምታውቀኝ በድምፄ ነው።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ ተባለ። ስነቃ አንገቴ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እተነፍሳለሁ። እህቴ አልጋዬ አጠገብ ቆማ፣ «እማዬን ዱባይ ለሥራ ሄዷል፣ በረሃ ስለሆነ ስልክ አይገባም ብለናታል» አለችኝ። «እውነቱን ብትሰማ ትሞትብናለች።»

ማን ጠየቀኝ? ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። እህቴ ግን የተስማማሁ መስሏት ብርድ ልብሴን አስተካከለችልኝ።

ቁስሌ ሲጠግግ ሄድኩ። እናቴ ደጅ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ትንፋሼ ሲያፏጭ ሰምታ ዞረች።

«ማነው?»

«ጎረቤት ነው እማዬ» አለች እህቴ ፈጠን ብላ።

«ጎረቤት ሆኖ ሰላምታ አያውቅም?»

አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ፊቴ ላይ አደረግኩት። ጣቶቿ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጢሜን ዳሰሱ።

«ኢልማ ኮ?» አለች በኦሮምኛ። «ልጄ፣ አንተ ነህ? መቼ መጣህ? ለምን አታናግረኝም? ምን አደረግኩህ?»

እጇን ጨመቅኩት። ሌላ ምን ላድርግ? እህቴ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻት። እናቴ አላለቀሰችም።

«ዓይኔ ጠፋ እንጂ ሕፃን አልሆንኩም» አለቻት። «ሆስፒታል እያለ እጁን እንኳ ልይዘው እችል ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ምርመራው ንጹሕ ነው፣ ካንሰሩ አልተመለሰም፤ ሰው ሁሉ እንኳን ተረፍክ ይለኛል። እሑድ እሑድ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ። እጄን ትንሽ ይዛ ትቆይና ወደ እህቴ ዞር ብላ ትጠይቃለች፦

«ምግብ ይበላል? ሌሊትስ ይተኛል?»

እህቴ ትመልስላታለች። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ አዳምጣለሁ።