ባለ አንድ ዓይኗ ከተማ

ትናንት አባቴ በሥዕሉ ላይ ሁለተኛዋን ዓይን ሣለ። ከደስታዬ ብዛት እህል ሳልቀምስ ዋልኩ። ሳላለቅስ ልጽፈው እሞክራለሁ።

አምና በመጋቢት ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ሰፈር እሳት ተነሣ። ነፋሱ ከአንዱ የሣር ክዳን ወደ ሌላው እያዘለለ ሰፈሩን አመድ አደረገው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው፤ ያን ቀን ለሥራ ደብረ ኤልያስ ነበር። እናቴ ቤት የቀረውን የቀለም ሣጥኑን ላውጣ ብላ ወደሚነደው ቤት ገባች። ሣጥኑን በበሩ ወርውራ አወጣችው፤ እሷ ሳትወጣ ጣሪያው ወደቀ።

ሰፈርተኛው ቆርቆሮ እየገዛ ቤቱን መልሶ ሠራ። አባቴ ግን ብሩሽ አልነካም። ከጥምቀት በኋላ ነው ያንን ሣጥን ከፍቶ፣ ቤታችን የሚሰቀል ሥዕል በአቡጀዲ ላይ የጀመረው። ከተማችንን በሴት መሰላት። አመድ ላይ ቆማለች፤ ሰፈሩን የበላው እሳት በእጇ ለምድጃ የሚሆን ፍም ሆኗል። የነጠላዋን ጥለት ሳየው እናቴ መሆኗን አወቅሁ። ፊቷን ግን ወደ ጎን አዙሮ አንድ ዓይን ብቻ ሣለላት።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጋጎቹ በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹ በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ገብተው አዩትና ሳቁ።

"ምነው መሪጌታ፣ ከተማችን ምን ብትበድልዎት ነው ከይሁዳ ጋር የደመሯት?"

አባቴ አልሳቀም። "ክፉ ሆና አይደለም፣ እትዬ። ፊቷን ወደዚህ ካዞርኩት ታየኛለች። ለእኔ ቀለም ብላ ነው የሞተችው። በምን ዓይኔ ልያት?"

እትዬ ጥሩዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ደግሞ ለማንም ያልነገርኩት አመለጠኝ።

"አባባ፣ መልኳ እየጠፋብኝ ነው።"

 በማግስቱ ሥዕሉን አውርዶ ፊቷን በነጭ ቀለም ሸፈነውና አጠገቡ አስቀመጠኝ። "ቅንድቧ እንዲህ ነበር?" ይለኛል። "ትንሽ ሳሳ ያለ ነው" እለዋለሁ። እኔ የረሳሁትን እሱ፣ እሱ የረሳውን እኔ እያስታወስን ሰነበትን። ትናንት ሁለተኛዋን ዓይን ሲጨርስ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። እሷ ፊት ለፊት እያየችን ሁለታችንም አለቀስን።

አሁንም ቤት ስገባ ልጠራት እልና መሞቷ ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ቀና ብዬ አያታለሁ፤ ልቤ ትንሽ ይመለሳል።

ከኋላዋ የሚቆሙት ቤቶች ገና አልተሣሉም። አባቴ የሁሉንም መልክ አያስታውስም። በዚያ እሳት ቤታችሁ የተቃጠለባችሁ ሁሉ እኛ ቤት ኑ፤ በራችሁ ወደ የት ያይ እንደነበር ንገሩት።