ሰማይ ላይ እናርሳለን ያሉት

እንደተናገርኩት ጻፊው፤ አታሳምሪው። ተናድጄ ነው የምናገረው፣ ተናድጄም ይነበብ።

ለጥምቀት ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው የልጄ ልጅ፣ ይህችው የምትጽፍልኝ፣ ስልኳን ከፍታ አንድ ቀይ አገር አሳየችኝ። ድንጋይና አቧራ ብቻ። ዛፍ የለው፣ ወፍ የለው።

«እምዬ፣ ይሄ ሌላ ዓለም ነው። ሰዎች ሄደው ሊሰፍሩበት ነው» አለችኝ።

«ውሃ አለው?»

«በረዶ አለ ይላሉ፣ ከመሬቱ ሥር።»

«አየሩስ?»

«አይተነፈስም። አየሩን ይዘው ነው የሚሄዱት።»

«ኧረ! ምን ሊበሉ?»

«ድንች እንተክላለን ይላሉ። አፈሩን አክመው።»

አባቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ እግሩን ዘርግቶ እሳት ይሞቃል። «እኔንም ይውሰዱኝ፤ ከታችኛው ማሳ አይብስም» አለ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ቀልድ አልነበረማ። ታችኛውን ማሳ ትቶት ዳንግላ ገብቶ ባጃጅ ሊነዳ እንዳሰበ ከጎረቤት ሰምቻለሁ። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላለም።

ያ ማሳ ከባሌ ጋር ስንጋባ የተሰጠን ነው፣ ከጥርባ መንደር ወዲህ ያለው። ባሌም አንድ ጊዜ እንዲህ ተነሥቶበት ነበር። መሬታችን ደከመ፣ ቆላ ወርጄ ድንግል መሬት አቀናለሁ አለ። ሁለቱን በሬ ነዳ፣ ዘሩን ጫነ፣ ማረሻውን እንኳ አላስቀረልኝም። ያኔ ይሄንኑ ልጄን አርግዣለሁ። ሰው እየለመንኩ ጥቂቱን አሳረስኩ፤ የቀረውን አረም ወረሰው። በሁለተኛው ዓመት በሰው በቅሎ ተጭኖ መጣ፣ በወባ እየተንቀጠቀጠ። በሬዎቹ እዚያው አልቀዋል። «መሬቱስ ደግ ነበር፣ ግን እኛን አያውቀንም» አለኝ። መስቀል ሳይደርስ ሞተ።

አሁን ስልኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች መሄዱ ይህን ያህል ያስወጣል፣ ይህን ያህል ያደክማል እያሉ ይከራከራሉ አለችኝ ልጅቱ። የሚሄደውን ሰው ድካም ነው የሚያወሩት። የቀረችውን ማን ይጠይቃታል? እኔን ማን ጠየቀኝ?

«እምዬ፣ እነሱ እኮ ምድር አንድ ቀን ከተበላሸች ሰው ጨርሶ እንዳይጠፋ ብለው ነው።»

«ማን ነው የሚያበላሻት?»

ስልኳን አጥፍታ አስቀመጠችው።

ሄደው ማየታቸውን አልጠላሁም። ሰው ያላየውን ማየት ይወዳል፤ ይዩና ይምጡ። ያናደደኝ መስፈሩ ነው። የግብርና ባለሙያው መጥቶ አፈራችሁ ኮምጥጧል፣ ኖራ ይፈልጋል ካለን ሦስት ክረምት አለፈ። ገብሱ ስንዝር ሳይሞላ ቢጫ ይሆናል። ኖራው ከተማው ቆሰበር ደርሷል ይባላል፤ ከዚያ ወደኛ መንደር የሚያመጣልን ግን አልተገኘም። አንድ ጆንያ ኖራ ከቆሰበር ጥርባ ማድረስ ያቃተው የሰው ልጅ፣ የሞተ አፈር ሰማይ ላይ ሊያክም!

«የሚሄዱት ሌሎች ናቸው እኮ፣ እምዬ።»

«ሌሎቹም ሰዎች ናቸው። መድኃኒቱን ካወቁት መጀመሪያ ታችኛው ማሳ ላይ ያሳዩኝ!» ከዚያ ወዲያ ያለውን በአገውኛ ጨረስኩት። ልጅቱ «ይሄንስ አልጽፈውም» ብላ ሳቀች። ደግ አደረገች።

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። ድሮ የአፈሩ መድኃኒት ከብቱ ነበር። ከታኅሣሥ ጀምሮ በረቱን ማሳው ላይ ተክለን ከብቱን እዚያው እናሳድራለን፣ እበቱ አፈሩ ላይ እንዲቀር፤ በየአራት ቀኑ ችካሉን እየነቀልን ፈንጠር አድርገን እንተክላለን። ችካሉን መንቀልና መትከል የእኔ ሥራ ነበር። እስከ ሚያዝያ ማሳውን እናዳርሰዋለን። ከብት ያደረበት ላይ የበቀለ ገብስ ሰው ይሰውር ነበር። በኋላ ለከሰል ተቆርጦ የሚሸጠው ዛፍ መጣ። አገሩ ሁሉ ዛፍ ተከለ፤ ዛፍ ከብት አይፈልግም። ልጄን «ላሞቹን ሽጣቸው» ያልኩት እኔው ነኝ፣ በዚህ አፌ። ዛፉን በሽታ ገባበትና እንደቆመ ደረቀ። መንጋውም የለ፣ ዛፉም የለ።

በማግስቱ የቀረችንን አንዲት ላምና ጊደሯን ነድቼ ታችኛው ማሳ ወረድኩ። የቀርቀሃ ችካልና መዶሻ ይዤ በረቱን መትከል ጀመርኩ። ልጄ እየሮጠ መጣ።

«እማዬ፣ ምን እየሠሩ ነው? በሁለት ከብት በረት ያዛውራሉ? አገር ይሳቅብን?»

«ይሳቅ።»

«ይሄን ማሳ ለማዳረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ዳንግላ እንደምትሄድም አላውቅም ነበር፤ ጎረቤት ነው የነገረኝ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ልነግርዎ ነበር።»

«ማሳውን ለማን ትተኸው እንደምትሄድም ልትነግረኝ ነበር? እኔ አላርሰው፣ ልጅህ ትምህርት ላይ ናት።»

ላሟን አየ፣ መሬቱን አየ። ቀጥሎ መዶሻውን ከእጄ ነጠቀኝና የተከልኩትን ችካል ነቀለው። ሊበትንብኝ ነው ብዬ ልጮህ ስል «አጣመሙት እኮ» ብሎ እዚያው ጉድጓድ ላይ መልሶ መታው፤ በንዴት ነው የመታው።

«እስከ ሚያዝያ ነው የምቆየው። ከዚያ ወዲያ አላውቅም» አለ።

ሚያዝያ ይበቃኛል አላልኩም። አይበቃኝማ። እንደተናደድኩ ሌላውን ችካል አቀበልኩት።