የባሌ ጉበትና የእኔ ጀሪካን

ባሌ መሬቱን ለልጆቻችን ካካፈለ ወዲህ ሥራው ጎብዬ ካለው ቤታችን ደጅ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር መቀመጥ ሆነ። እውነት ለመናገር ሥራውን አክባሪ ነበር። ጠዋት ይገባል፣ ማታ ይወጣል፤ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። እኔ ከቦኖ ውሃ አመላልሳለሁ፣ ማሽላ አበጥራለሁ፣ ፍየል አስገባለሁ። ጡረታ የሚባል ነገር ለሴትም እንዳለ የነገረኝ የለም።

አምና ሆዱ ተነፋ፤ ጥቂት ሲራመድ ትንፋሹ ይቆረጥ ጀመር። በእኛ አገር የታመመ ይተኛል፣ ቅባት ያለው ይበላል። አስተኛሁት። ጠያቂው ዶሮና ማር ይዞ መጣ። ወር ሙሉ ቀለብነው፤ ሙክት ቢሆን ለፋሲካ ይደርስ ነበር።

ሲብስበት ቆቦ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ሆዱን በመሣሪያ አየችው።

«አባቴ፣ ጉበትዎ ላይ ስብ ሞልቷል። አንጀትዎ ሰንፏል፣ ልብዎም ደክሟል።»

«ሥራ ሳልሠራ ምን አደከመው?»

«እሱው ነዋ። በየቀኑ ካልተራመዱ ጉበትዎ ይደርቃል፤ ያኔ መድኃኒትም አይመልሰው።»

ወደ ቤት ስንመለስ ያ ሁሉ የዶሮ መረቅ ትዝ አለኝ። መረቁን የሠራሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ከዘራውን ይዞ አስፋልቱ ላይ ስፖርት ጀመረ። ሃያ ሊትር አዝዬ ስመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን።

«ገለል በይ እስቲ፣ ሐኪም ያዘዘኝን እየሠራሁ ነው።»

ጀሪካኑን አወረድኩ። «ተራመድ አለችህ እንጂ ባዶ እጅህን ተራመድ አላለችህም። ቦኖው ያውልህ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ወንድ ውሃ ሲቀዳ አይተሻል?»

«በጉበቱ ሲሞት ግን አይቻለሁ።»

በአምስት ሊትሯ ጀመረ። የሰረቃት ይመስል በጋቢው ሸፍኖ ያመጣታል። ቦኖው ላይ ያሉት ሴቶች «አባባ፣ ድግስ አለ እንዴ?» ይሉታል።

ባለፈው ወር ሐኪሟ ጉበቱ እየተሻለው መሆኑን ነገረችን። ምን እንዳደረገ ስትጠይቀው «ስፖርት» አላት። ውሃ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ይሁን።

በዚህ መሀል የውሃው ሥራ ወደ እሱ ዞሮ፣ የዛፉን ጥላ እኔ ይዤዋለሁ። ምን ይዋሻል፣ ይመቻል። ትናንት ግን ቀሚሴ ሆዴ ላይ አልዘጋ አለኝ። ቆሞ አየኝና ሳይስቅ፣

«ጉበትሽን» አለኝ።

ፍርድ ለእኔ ሲሆንም ፍርድ ነው። ዛሬ ጠዋት ሃያውን ለሁለት ተካፍለን፣ አሥር አሥር ሊትር ይዘን ወጣን። ጋቢውን ቤት ትቶት ነበር።