በተወካይ የማይታይ ጡት

ማክሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ አውቶቡስ ተራ

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሲነሣ ጭኔ ላይ አንድ ካርቶን አቅፌአለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ምን ይዤ እንደምሳሳለት ጠየቁኝ። የጤና ትምህርት ሥዕል ነው አልኳቸውና ክዳኑን ጫን አደረግኩት። የጡት ሥዕሎች ናቸው፤ በእጄ የሣልኳቸው። ነርስ ነኝ። በምሠራበት ሆስፒታል ጡታቸው ላይ እባጭ ያለባቸው እናቶች የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ከቆሰለ በኋላ ነው። አንጀቴ ቢያር ጊዜ አዋሳ ሄጄ ላስተምር ብዬ በፈቃዴ ተነሣሁ።

ዝዋይ ላይ ትኩስ የዓሣ ጥብስ በላን። ከሻሸመኔ በኋላ መንገዱም ሹፌሩም ቀለል አሉ።

8 ሰዓት ተኩል፣ አዋሳ

አዲስ ከተማ የሚኖሩት አክስቴ እትዬ በላይነሽ በር ላይ ጠበቁኝ። የሰፈሩ የሴቶች ዕድር ሰብሳቢ ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው ዝም ይላል። ሲያቅፉኝ ግራ ጎናቸውን አራቁት። ምን ሆነው እንደሆነ ብጠይቃቸው "ድካም ነው" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ቀበሌ ሄጄ የመጣሁበትን ጉዳይ ለሊቀመንበሩ አስረዳሁ። "ማስታወቁን ለእኛ ተይው፣ ጓድ። አንድም ቤት አይቀርም" አሉኝ። ወዲያው ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ሰፈሩን ስትዞር ሰማሁ። ምን እንደምትል ግን ልብ ብዬ አላዳመጥኩም።

ረቡዕ፣ 3 ሰዓት፣ የቀበሌው አዳራሽ

አዳራሹ ጢም ብሏል። ቅስቀሳ ማለት ይሄ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ትምህርቱን ሰጥቼ ከመጋረጃው ጀርባ ምርመራ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ኮረዳ ናት።

"እናቴን ወክዬ ነው" አለችኝ።

ሁለተኛዋ አማቷን ወክላለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ የቤት ሠራተኛ ስትሆን የመጣችው በእመቤቷ ፈንታ ነው። ለካ መኪናዋ እንደ ልማዷ "ከየቤቱ አንድ ሰው" ስትል ነው የዋለችው። ለቀበሌ ስብሰባ ደግሞ ከየቤቱ የሚላከው ሥራ የፈታው ነው፤ ስም ሲጠራ "አለሁ" ይላል፣ በቃ። ሊቀመንበሩ ዝርዝራቸውን ጨርሰው የቀረ ሰው የለም አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ ግን አልቆየም። በእትዬ በላይነሽ ስም "አለሁ" ያለችው ተከራያቸው ነበረች።

6 ሰዓት፣ ቤት

በርበሬ ሲቀነጥሱ አገኘኋቸው። በቁጣ ጀመርኩ።

"እትዬ፣ የእርስዎን ጡት በተከራይዎ ጡት እንዴት ልየው?"

የያዙትን በርበሬ አስቀምጠው ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንባው ግን የሳቅ ብቻ አልነበረም።

"ግራው ነው" አሉ። "ሰብሳቢዋ ታመመች ከምባል ብዬ ደበቅኩት።"

እጃቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን አነሡና ቀድመውኝ ወጡ።

8 ሰዓት፣ አዳራሹ

እትዬ በላይነሽ ማይክሮፎኑን ከሊቀመንበሩ እጅ ተቀበሉ። ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ማጉያ ድምፃቸውን በየቤቱ አደረሰው።

"እናንተ ሴቶች፣ እኔም እንደናንተ ሰው ልኬ ነበር። ለስብሰባ ሰው ይላካል። ጡት ግን ከባለቤቱ ጋር ነው የሚሄደው። እኔ ግራ ጡቴ ላይ እባጭ አግኝቻለሁ። አሁን ልታይ ነው።"

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዳንጊሴ ንግግሩን በሲዳምኛ ደገሙትና እሳቸው ራሳቸው ሁለተኛ ተሰለፉ። ቀስ በቀስ እናቶች ከየቤታቸው መጡ፤ ሊጥ የነካ እጇን እየጠረገች የመጣች አለች፣ ተወካይዋን በቁንጥጫ ወደ ቤት የመለሰችም አለች። መኪናዋ ሰው ሰበሰበች፤ ባለጡቶቹን ያመጣቸው ግን የአንዲት ሴት "እኔም" ማለት ነው።

የእትዬ በላይነሽን እባጭ ዳሰስኩት። ጠንካራ ነው፤ ግን ሽምብራ ቢያክል ነው። ይህን ያህል ትንሽ ይዛ የመጣች እናት አይቼ አላውቅም። ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ አብረን እንሂድ አልኳቸው፤ እሺ ለማለት አላመነቱም።

ዓርብ፣ መልስ

ዕድርተኞቹ መናኸሪያ ድረስ ሸኙን። እትዬ በላይነሽ በአውቶቡሱ መስኮት ብቅ ብለው የዕድሩን ሥራ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ሲያዙ ነበር። እኔም የእንዲህ ያለች ሴት የወንድም ልጅ በመሆኔ ኮራሁ።

ሆስፒታል ደርሰን ካርድ ክፍል ገባን። ጸሐፊው ቀጥ ብለው የቆሙትን እትዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ከኋላችን ደግሞ የሚደገፍ ሰው ፈለገ።

"በሽተኛዋ የት አሉ?" አለ።

"እኔው ነኝ" አሉት እትዬ በላይነሽ። "ራሴ መጥቻለሁ።"