አዲሱ የይለፍ ቃል

ኮምፒውተር ጠጋኟ የወንድ ካፖርት ትለብሳለች፤ እጅጌው ረዝሞባት ታጥፏል። ኮምፒውተሬን ላሠራ መጥቼ ጥግ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። ጣቶቿ ፊደል የሚመቱ ሳይሆን እንጉርጉሮ የሚያወርዱ ይመስላሉ። ራሷ የጻፈችው ትንሽ ፕሮግራም በቢሮው ኔትወርክ ላይ ያለውን ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በተራ እየጠራ "አለህ?" ይላል፤ ያለው ይመልሳል።

ዛሬም የባሏ ስልክ መለሰ።

"ይኸው ገባ" አለች፣ ቀስ ብላ።

ባሏ እዚሁ ክፍል አጠገቧ ይሠራ ነበር። አምና ወንዝ ወሰደው፤ ስልኩም ኪሱ ውስጥ ነበር።

አለቃዋ ከኋላዋ መጥቶ ስክሪኑን አየ። "እህት ዓለም፣ ይሄ የጎረቤት ሌባ ኢንተርኔታችንን እስከ መቼ ይጥባ? የይለፍ ቃሉን ቀይሪና ውጭ ይደር!"

"ሌባ አይደለም ጋሼ፣ እሱ ነው። ከቀየርኩት በምን ይገባል?"

"ወንዝ የበላው ስልክ ሥራ ይገባል እንዴ? በይ ቀይሪው።"

ቀየረችው። ስልኩ ከስክሪኑ ላይ መስታወት ላይ እንዳረፈ ትንፋሽ ጠፋ። አለቃው እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ አጠገቧ ወዳለው ባዶ ወንበር ጎንበስ ብላ፣ አዲሱን ቃል ፊደል በፊደል፣ ሳትቸኩል፣ በሹክሹክታ ነገረችው።

"ያዝከው፣ ሆዴ?"